ያፌት እንዳያይ

ሽማግሌዎቹ እሁድ ጠዋት ቤታችን ሲመጡ በር የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎኑ መሐል ቆሙ። ተቀመጡ ብንላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ይህ ልጅ ለትዳር ሲጠየቅ የሚደረግ ወግ ነው። እኛ ቤት ደግሞ የሚታጭ ልጅ የለም። ያለነው እኔና ባሌ ያፌት ብቻ ነን፤ ሁለታችንም ሃምሳን አልፈናል።

«ሄራንን ልትጠይቁ ከሆነ ውሰዷት» አለ ያፌት ወደ እኔ እየጠቆመ። «ጥሎሽ አልፈልግም። መኪናዋንም ጨምሬ እሰጣለሁ።»

ማንም አልሳቀለትም። የሮኬት ደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር ጋሽ ኪሩቤል መሬት መሬት ያያሉ። ጎረቤታችን እማማ ሶልያና የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ። ሦስተኛው አጥናፉ የሚባል ወጣት ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከኢንሹራንሱ የተላከ። ዘንድሮ ወጣቱ ሁሉ የቅድመ አያቱን ስም ይዞ ነው የሚዞረው።

«ያፌት» አሉ ጋሽ ኪሩቤል በመጨረሻ፣ «ሐሙስ ዘጠነኛዋ ሮኬት ትነሳለች።»

«አውቃለሁ እንጂ ጋሼ። የምቀመጥበትን ድንጋይ ካሁኑ ጠርጌዋለሁ።»

«የመጣነው ለእሱ ነው። እንዳታያት ልንለምንህ ነው።»

ያፌት ወደ እኔ ዞረ፣ እኔም ወደ እሱ። ከዚያ ወጣቱ ክንዱን አንስቶ ሰዓቱን ሲያሳየን ገባን። ባሌ ላይ ተው ወጥቶበታል።

በመተሃራ ተው የሌለበት ሰው የለም። እማማ ሶልያና ረቡዕ ልብስ ማስጣት ተከልክለዋል፤ እሳቸው ረቡዕ ካሰጡ ባቡሩ ይዘገያል። የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ቆሞ ሙዝ አይበላም። እኔ ከሰኞ በቀር ሽንኩርት አልገዛም። ማክሰኞ ብገዛ ምን እንደሚደርስ አልተነገረኝም፣ ለብዙዎቻችን አይነገርም። የኢንሹራንሱ ማሽን የሁላችንንም ውሎ ያያል፣ ከደረሰው አደጋ ሁሉ ጋር ያስተያያል፣ ከዚያ አንድ ቀን እጃችን ላይ ያሰርነው ሰዓት ንዝር ይልና «ተው» ወይም «ተይ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሰው መጀመሪያ ሰሞን ይጨቃጨቅ ነበር ይባላል። አሁን ተው የደረሰው ሰው ለጎረቤቶቹ ይናገራል፣ እነሱም «ያቅልልህ» ይሉታል፣ በዚያው ይለመዳል። ሽማግሌ የሚላከው ነገሩ ከበድ ሲል ብቻ ነው።

«ማሽኑ ስምንቱንም ፍንዳታ መርምሯል» አለ አጥናፉ። በእርጋታ ነው የሚናገረው፣ የሐኪም ዓይነት። «ነዳጁን፣ ነፋሱን፣ እያንዳንዱን ብሎን። ስምንቱም ጊዜ ሳይጎድል የተገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«አዩ።»

«ከተማው በሙሉ አይቷል እኮ!»

«ስምንቱንም አይደለም። ጋሽ ኪሩቤል አራተኛዋ ጊዜ ወባ ይዟቸው ተኝተው ነበር። መሐንዲሶቹ ተቀያይረዋል። አንድም ሳታመልጠው ሁሉንም ያየ ሰው በዓለም ላይ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እዚህ ላይ የባሌን ፊት ማየት ነበር። መጀመሪያ ኮራ። ደረቱን ነፍቶ ጋሽ ኪሩቤልን በጎን አያቸው፤ በወባ ምክንያት የቀሩባትን ያቺን አራተኛ ለዓመታት ሲያነሳባቸው ኖሯል። ከዚያ ቀስ እያለ ነገሩ ሲገባው ደረቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ስለ ያፌት ትንሽ ልናገር። ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ሰማይ ላይ ግን ዓይኑን ከተከለ ደንበኛም፣ ሚስትም፣ ምላጭም አያውቅም። ሁለተኛዋ በተነሳችበት ቀን የአንድ ሙሽራ ጢም ግማሹን ላጭቶ፣ ሰውየውን ወንበሩ ላይ ትቶት ሮጧል። ሙሽራው በዚያው ፊት ነው የተዳረው፤ የሠርጉ ፎቶ ላይ በሙሉ አንገቱን ወደ ግራ አዙሯል። ሮኬቶቹ ከከተማው ማዶ፣ ከፈንታሌ ተራራ ሥር ካለው ሜዳ ይነሳሉ። ወደ ላይ ሄደው፣ ዞረው፣ እዚያው ሜዳ ላይ በእግራቸው ሊቆሙ ይሞክራሉ። አንዷም ቆማ አታውቅም። አንዷ አየር ላይ ፈነዳች፣ አንዷ ሜዳውን ስታ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተሰባበረች፣ አንዷ ጭራሽ ሳትነሳ ቀለጠች። በእያንዳንዷ ፍንዳታ ያፌት ያጨበጭባል። «ካለፈችው ትሻላለች» ይላል ሁልጊዜ። ማታ ቤት ሲገባ ደስ ብሎት፣ አዝኖ፣ ከጩኸት ብዛት ድምፁ ተዘግቶ ነው።

እኔ አንዷንም አይቼ አላውቅም። ሥራዬ መኪና ማስተማር ነው። መኪናው ሁሉ በራሱ በሚሄድበት ዘመን ማን ይማራል እንዳትሉኝ። ፈረስ ግልቢያ የሰለቻቸው የአዲስ አበባ ሰዎች ቅዳሜና እሁድ እየመጡ መሪ መያዝ ይለማመዳሉ። ከሁሉም የሚከብዳቸው ወደ ኋላ ሄዶ በሁለት መኪና መሐል ማቆም ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰው ነገርን በወግ እንዲያቆም በማስተማር ስለሆነ፣ ስምንት ጊዜ ተሞክሮ መቆም ያልቻለ ነገር አላጓጓኝም። እውነቱ ይህ ነው።

«እሺ» አለ ያፌት። «እንቢ ብልስ?»

«ማሽኑ ዋስትና አይሰጥም» አለ አጥናፉ። «ዋስትና ከሌለ ደግሞ አትነሳም። እዚያው ሜዳ ላይ ትፈታለች።»

«ሳላያት ተነስታ ብትፈነዳ?»

«ምክንያቱ እርስዎ አልነበሩም ማለት ነው። ተው ይነሳልዎታል።»

«ሳላያት ተነስታ ብትቆምስ?»

አጥናፉ ሰዓቱን በእጅጌው ሸፈነው። «ማሽኑ ልክ ነበር ማለት ነዋ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክዎን አያዩም።»

ያፌት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «እንግዲህ እሷ ከቆመች እኔ ታወርኩ። እኔ ለማየት ደግሞ እሷ መቃጠል አለባት። ጋሽ ኪሩቤል፣ ይህን ነገር ይዘው እኔ ቤት መጡ?»

ጋሽ ኪሩቤል ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እማማ ሶልያና «ለእሷ ብለህ ነው ልጄ፣ ለእሷ ብለህ» አሉ፣ የታመመች ዘመድ ያለች ይመስል።

ያፌት ሦስቱንም በየተራ አያቸው። በመጨረሻ «ተቀመጡ» አላቸው። ሽማግሌ ከተቀመጠ ጉዳዩ አልቋል። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኋቸው፣ ጠጥተው መርቀውን ወጡ።

በዚያ ሳምንት ከተማው ባሌን እንደ ጀግና ያዘው። ፀጉር ቤቱ ሞላ። ሰው ፀጉር ሳይኖረው እንኳ መጥቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ እጁን ጨብጦት «ውለታህን አንረሳም» ይለዋል። የደጋፊ ማኅበሩ የተጠለፈ የዓይን መሸፈኛ አሠርቶ ላከለት፤ ላዩ ላይ የዘጠነኛዋ ሥዕል አለበት። ያፌት እያመሰገነ ተቀበለና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ማታ ማታ ግን አይበላም። «እነሱ እኮ ደግ ናቸው» ይለኛል፣ «ክፉ ቢሆኑ እጣላቸው ነበር።»

ጠባቂ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ አንድም ቀን ሮኬት ያላየ ሰው ፈልጎ በከተማው ውስጥ ያገኘው እኔን ብቻ ነው። ቤታችን የከተማው ዳር ላይ ነው፣ በሩም ወደ ሜዳው ይከፈታል። ሲገዛ ያፌት ለሮኬቱ ብሎ፣ እኔ ለመኪና ማለማመጃ ብዬ ነው የተስማማነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፈንን። ምስር ወጥ ጣድኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ያፌት የደጋፊ ሻርፑን አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከውጭ የሕዝቡ ድምፅ ይሰማል። ቆጠራው ሲጀመር ከንፈሩ አብሮ ይቆጥራል፣ ድምፅ ግን አያወጣም።

ከዚያ ተነሳች። ድምፁን ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ፤ ስምንቱንም ጊዜ ለተማሪዎቼ «ክላቹን አትልቀቁ» እያልኩ ነው ያለፈኝ። ያን ቀን ግን ዝግ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ፊት ለፊቴ ያለው ደግሞ የባሌ ጀርባ ነው። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ተንጫጩ። ያፌት ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጨምቆ፣ ትከሻው ወደ ላይ እየተሳበ፣ ጭንቅላቱ ትንሽ በትንሽ ወደ ጣሪያው ቀና ይላል። ዓይኑን ጨፍኗል። ግድግዳውን አልፎ በጆሮው እየተከተላት ነው።

አንጀቴን በላው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ቁልፉን አወጣሁና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

«ዝጊው!» አለ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ። «ሄራን፣ ዝጊው! ትፈነዳለች!»

«ብትፈነዳ ትፈንዳ! አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ክፈት!»

በጣቶቹ መሐል አየ። ከዚያ ጣቶቹ ወረዱ። እጄን ይዞ ወደ ደጃፉ ጎተተኝ። ከፈንታሌ ጎን ነጭ እሳት ረግጣ፣ ሳትቸኩል ትወጣለች። እኔ እንግዲህ የጠበቅኩት ርችት ነገር ነበር። ያን ያህል ትልቅ ነገር ያን ያህል ተጠንቅቆ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም። ወጣች፣ አነሰች፣ ጠፋች።

«አሁን ምንድን ነው?» አልኩት።

«አሁን መጠበቅ ነው» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፣ ሠርጋችንንም ጨምሮ።

ስትመለስ መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ቁልቁል ትመጣለች፣ ግን ዘማለች፤ ወገቧ ወደ ተራራው በኩል ተጥሏል። ይህንን ስህተት አውቀዋለሁ። ተማሪ ሁሉ ይሠራዋል። ፈጥነሽ መጥተሽ መሪውን ዘግይተሽ ስትመልሺ የሚሆነው ይኸው ነው። ሳላውቀው «መልሺ! መሪውን መልሺ!» ብዬ ጮህኩ። መለሰች። «ፍሬን! ፍሬን ያዢ!» ያዘች። እግሮቿን ዘረጋች። የግራ እግሯ ቀድሞ መሬት ነካ፣ ትንሽ ተንገዳገደች፣ ቀጥ አለች። ቆመች።

ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ያፌት ሊጮህ አፉን ሲከፍት ሻርፑን ጎሰርኩበት፤ ጎረቤት ከሰማ አለቀልን። ሻርፑን ነክሶ፣ እንባው እየወረደ፣ ደጃፉ ላይ በጸጥታ ዘለለ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሳይጮህ ሲዘል ማየት እንዴት እንደሚያስቅ ልነግራችሁ አልችልም። ጎትቼ አስገባሁት፣ በሩን ዘጋሁ። ያን ጊዜ ነው ምስሩ ማረሩ የሸተተን።

ብዙ ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ኪሩቤል፣ እማማ ሶልያናና አጥናፉ ናቸው። ጋሽ ኪሩቤል ባሌን አቅፈው ከመሬት አነሱት። «ቆመች! በአንተ ምክንያት ቆመች! የእኔ ጌታ፣ ከዛሬ በኋላ አንዲት ሮኬት እንኳ እንድታይ አንፈቅድልህም!» ምርቃት መሆኑ ነው።

ያፌት «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አንገቱን ደፍቶ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ጋሽ ኪሩቤል ግን አልተቀመጡም፤ ላላየ ሰው ይተርኩ ጀመር።

«ምን ልበልህ፣ ቀጥ ብላ ወረደች። ቀጥ! ወዲያ የለ፣ ወዲህ የለ።»

ያፌት ጉንጩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እግሩን ረገጥኩት።

«ከዚያ በቀኝ እግሯ ዝግ ብላ አረፈች...»

«በግራ» አለ ያፌት።

«አይ በቀኝ ነው።»

«በግራ ነው እንጂ ጋሽ ኪሩቤል! ቀጥ ብላስ መቼ መጣች? ዘማ እኮ ነው የመጣችው፣ በኋላ ነው የመለሰችው! እርስዎ የት ሆነው ነው ያዩት?»

እማማ ሶልያና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ያፌት የተናገረው ለራሱም የገባው ዘግይቶ ነው፤ ዓይኑ ወደ እኔ ተንከራተተ። ባሌን ምላሱ እንደሚያጠፋው ድሮም አውቅ ነበር።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ገና ስትነሳ ጀምሮ ሁሉንም አይቷል። እኔም አይቻለሁ። እና ቆማለች።»

አጥናፉ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን አየ።

«ማሽኑ ተሳሳተ ማለት ነው?» አሉ እማማ ሶልያና። ድምፃቸው ውስጥ ተስፋ ነበር። የሚያስቡት የረቡዕ ልብሳቸውን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል።

«ማሽኑ አይሳሳትም» አለ አጥናፉ። «ይሻሻላል።»

በሦስተኛው ቀን ተሻሽሎ መጣ። እስከዚያ ድረስ ማሽኑ «ተው» እንጂ «አድርግ» ብሎ አያውቅም ነበር። ለአሥረኛዋ ግን አድርጉ አለን። ሮኬት የምትቆመው መስኮቶቹ በእነዚያው ብርድ ልብሶች ሲሸፈኑ፣ ያፌት በዚያው በርጩማ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር፣ እኔ ያንኑ ቀሚስ ለብሼ ድምፁ ሲሰማ በሩን ስከፍት፣ ምስሩም ሲያር ነው። መሪና ፍሬን ብዬ መጮሄም አለበት። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንዳቆማት ስለማይታወቅ አንዱም መቅረት የለበትም። እንቢ ካልን ዋስትና የለም።

«ይኸው ታያለህ እኮ» አልኩት ያፌትን። «ምን ፈለግህ?»

«ይህ ማየት አይደለም። ሥራ ነው» አለ። «እኔ ከሰው ጋር ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ምን ትሆን ይሆን እያልኩ ነው ማየት የምፈልገው። አሁን ደግሞ ቆማ ከቀጠለች፣ እስክንሞት ድረስ ምስር ስናሳርር ልንኖር ነው።»

ልክ ነበር። እኔን የከነከነኝ ደግሞ የራሴ ነገር ነው። ያን ቀን በሩን የከፈትኩት አዝኜለት ነው። አሁን ሐዘኔ የዋስትና ውል ውስጥ ገብቷል።

አሥረኛዋ በምትነሳበት ቀን ሦስቱም ሽማግሌዎች ሊቆጣጠሩ እኛ ቤት ተገኙ። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ነው። ጋሽ ኪሩቤል በሰባ ዓመታቸው ሁለተኛ ሮኬት ሊያመልጣቸው ስለሆነ ኩርፊያቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል። አጥናፉ ከድስት እስከ ቀሚስ ቁልፌ ድረስ እየዞረ ያያል።

«አንተስ?» አልኩት አጥናፉን፣ ያፌት በርጩማው ላይ ሲቀመጥ። «ስንት አይተሃል?»

«ምን?»

«ሮኬት ነዋ።»

«አንድም አላየሁም» አለ። «እኔ ቢሮ ነኝ። ሲፈነዱ ነው የሚነገረኝ። ዘጠነኛዋም ሰዓቴ ላይ ቁጥር ሳይ ነው ያለፈችኝ።»

ድምፁ መጣ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ቁልፉን ይዤ በሩ ጋ ቆምኩ።

«ቆይ» አለ አጥናፉ፣ በድምፁ ላይ እየጮኸ። «አዝነዋል? ያኔ አንጀትዎን በልቶዎት ነበር የከፈቱት።»

«አልበላኝም!» አልኩት። «ምስሩ እያረረ ነው፣ ክፈቺ በለኝ!»

«ይክፈቱ! ይክፈቱ!»

ከፈትኩት። ያፌት እንደተጻፈለት «ዝጊው፣ ትፈነዳለች» አለ፣ እኔም እንደተጻፈልኝ «ብትፈነዳ ትፈንዳ» አልኩ። ሁለታችንም ትምህርት ቤት መድረክ ላይ የወጣን ሕፃናት ነበር የምንመስለው። ከዚያ ግን አሥረኛዋን አየናትና ቃላችን ጠፋ። አምስታችንም በአንዲት በር ተጋፍተን ወጣን። እማማ ሶልያና ክርኔን ጨብጠዋል። አጥናፉ ከኋላችን ነበር፤ መጀመሪያ በትከሻችን በኩል፣ ከዚያ እየገፋ፣ በመጨረሻ ከሁላችንም ፊት ቆመ። ሰዓቱን ረስቶታል።

«እንዲህ ናት?» አለ።

«እንዲህ ናት» አለው ያፌት።

ወጣች፣ አነሰች፣ ጠፋች። ጠበቅን። ስትመለስ ከዘጠነኛዋ የተሻለች ነበረች፤ መዝመሟ ጥቂት ነው። ሰዓቱ ደርሶ «መሪውን መልሺ፣ ፍሬን ያዢ» አልኩ፣ እንደታዘዝኩት። እግሮቿን ዘረጋች። አራቱም በአንድ ጊዜ መሬት ነኩ። ቆመች። ከሜዳው ጩኸት ተነሳ። ከዚያ አንዱ እግሯ ከሥሯ ሲታጠፍ አየሁ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሜ። «ፍሬን!» ብዬ ጮህኩ። ይህ አልተጻፈልኝም። «አትልቀቂ! ልጄ፣ ፍሬን አትልቀቂ!»

ቀስ ብላ፣ ደክሟት ለመጋደም የፈለገች ይመስል፣ በጎኗ ወደቀች። መጀመሪያ እሳቱ፣ ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ብርድ ልብሶቹ ከመስኮቱ ላይ ረገፉ።

የአጥናፉ ሰዓት ንዝር አለ። አየው፣ እንደገና አየው፣ ከዚያ እየተንተባተበ አነበበልን። «ሁሉም ተሟልቷል። ምክንያት አልተገኘም። ተው ተነስቷል፣ አድርጉ ተነስቷል።» ወደ ያፌት ዞረ። «ነጻ ነዎት ጋሽ ያፌት። እንዳሻዎት ያያሉ።»

ያፌት የሰማው አልመሰለኝም። ጭሱን እያየ ያጨበጭባል። ከሜዳው የሕዝቡ ጭብጨባ ይመልስለታል። ጋሽ ኪሩቤልም ማጨብጨብ ጀመሩ፣ «ቆማ ነበር፣ በአራቱም ቆማ ነበር!» እያሉ። እማማ ሶልያና ድስቱን ሊያወርዱ ወደ ውስጥ ገቡ።

አጥናፉ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ይዟል። ትከሻው ይነቃነቃል። መጀመሪያ ለኢንሹራንሱ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ያፌት አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠ፣ ሻርፑን አውልቆ አንገቱ ላይ አደረገለት።

«አይዞህ» አለው። «የመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ነው። ሁላችንም እንዲህ ሆነናል።»

«ቆማ ነበር እኮ» አለ አጥናፉ። «ጋሽ ያፌት፣ ቆማ ነበር።»

«ቆማ ነበር። ካለፈችው ትሻላለች።»

አጥናፉ አፍንጫውን በሻርፑ ጠረገ። ጭሱን ለረጅም ጊዜ አየው። ያፌት ድንጋዩ የት እንደሆነ፣ ለሁለት ሰው እንደሚበቃ፣ ፀሐዩ ዓይን እንዳይወጋ በየት በኩል መቀመጥ እንደሚሻል ይነግረው ጀመር።

«የምትቀጥለው መቼ ናት?» አለ አጥናፉ።

«ከመስቀል በኋላ ናት» አልኩት፣ ከያፌት ቀድሜ።